ወንድማቸውን ማመስገን የተከለከሉት ዳኛ ቨርና ሆልኮም

ዳኛ ቨርና ሆልኮም ከአባታቸው ከአቶ ኦቲስ ስትራውድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፐርል ኬምፕ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. እዚሁ ኦሃዮ፣ በበቆሎ አገራችን ተወለዱ። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ፣ ገና በልጅነታቸው ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ሜርልን አብልተውና አጥበው አሳደጉ።

በኮሎምበስ ሕግ ተምረው፣ ወደ ከተማችን ተመልሰው በጥብቅና ሲያገለግሉ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይጠግኑ የነበሩትን አቶ ኦርቪል ሆልኮምን አግብተው ወይዘሮ ሎይስን ወለዱ።

ከዚያ ያ ክፉ የምርጫ ዘመን መጣ። እርሳቸው ለዳኝነት፣ አቶ ሜርል ለሸሪፍነት፣ ማለትም በሕዝብ ለሚመረጠው የአውራጃ ፖሊስ አለቃነት፣ በአንድ ፓርቲ ቀረቡ። የዳኞች ሥነ ምግባር ደንብ ግን ለዳኝነት የሚወዳደር ሰው፣ የሥጋ ዘመዱም ቢሆን፣ ሌላ ዕጩ እንዳይደግፍ ይከለክላል። ፓርቲው በእሳት አደጋ ጣቢያው ባዘጋጀው የፓንኬክ ቁርስ ላይ አቶ ሜርል በደስታ የእኅታቸውን እጅ ይዘው በካሜራ ፊት ወደ ላይ ሊያነሡ ሲሉ፣ ዳኛ ቨርና ድጋፍ እንዳይሆንባቸው እጃቸውን መንጭቀው አስለቀቁ።

አገሩም "ያሳደገችው እኅቱ ያላመነችውን ማን ያምነዋል?" አለ። ወሬው ከቤት ቤት ሲዞር፣ "ወንድሜ ሐቀኛ ነው" ብሎ ማስተባበሉ ራሱ ድጋፍ ሆኖ ስለሚቆጠር፣ ዳኛ ቨርና አፋቸውን ዘግተው አነቡ። እርሳቸው አሸነፉ፤ ወንድማቸው ወደቁ።

ምርጫው እንዳለፈ በየደጁ እየዞሩ ስለ ወንድማቸው መልካምነት ቢመሰክሩም፣ አቶ ሜርል ከበራፍ ሳያስገቧቸው፣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ እታለም። አሁን ምን ያደርግልኛል?" ብለው መለሷቸው። ከዚያ ወዲያ እኅትና ወንድም በአንድ ማዕድ አልተቀመጡም።

ዳኛ ቨርና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በችሎት ሲያገለግሉ በፍርዳቸው የተከበሩ ነበሩ፤ ልባቸው ግን አላረፈም። የጉበት ካንሰር አልጋ ላይ ባዋላቸው ጊዜ ወይዘሮ ሎይስን፣ "ደንቡ ልክ ነበር፤ እኔም ልክ ነበርኩ፤ ሜርልም መቀየሙ ልክ ነበር። ታዲያ ይሄ ሁሉ ዓመት ለምን እንዲህ ሆነ?" ብለው ጠየቋቸው። አቶ ሜርል ሰምተው ሲደርሱ እኅታቸው መናገር ተስኗቸው ነበርና፣ ሁለቱ ሲተያዩ አመሹ፤ በማግሥቱም ዳኛ ቨርና አረፉ።

ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ስላለፉ፣ ከኋላቸው ልጃቸው ወይዘሮ ሎይስ፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና፣ ዛሬ በዚህ የስንብት ጸሎት ላይ ፊት ወንበር ተለቆላቸው ሳለ በሩ አጠገብ የቆሙት ወንድማቸው አቶ ሜርል ቀርተዋል። የልብን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ ስለ ወንድማቸው በጊዜው እንዲናገሩ ያልተፈቀደላቸውንም ቃል፣ እንደተናገሩት ይቁጠርላቸው።