ላዱን ዛሬ አትንኩብኝ

ክቡር ዳይሬክተራችን ዶክተር ኢላንጎ፣ ክቡራትና ክቡራን የእባብ ማቆያው ባልደረቦቼ፤ ድንኳኑን ለተከላችሁ፣ ሩዙን ለቀቀላችሁ፣ የአበባ ጉንጉኑን ላጠለቃችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ፣ እኔ ተቀምጬ ሌላ ሰው ሲያስተናግደኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ንግግሩን ራሴ ነው የጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስምንት ዓመቴ ስለሆነ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ታገሡኝ።

በፕሮግራሙ ላይ ከምሳ በፊት ላዱን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ፎቶ እንደምነሳ ተጽፏል። አልነሳም።

ላዱን ታውቁታላችሁ። የቼናይ ከተማ ሀብታሞች ቤታቸው አሳድገውት፣ ሲሰለቻቸው በጫማ ካርቶን አምጥተው የጣሉብን ትንሽ ዘንዶ ነው። ሲፈራ እንደ ጣፋጩ ላዱ ስለሚድቦለቦል ይህን ስም አወጣንለት። ከመጣ ሰባት ወሩ ነው። ሰባት ወር ሙሉ እህል አልቀመሰም ነበር። ዘንዶ ጾመኛ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አከርካሪው እንደ መጋዝ ጥርስ ሲወጣ ይህም ጾም ይባላል?

እኔ የእባብ አዳኞቹ የኢሩላ ጎሳ ልጅ ነኝ። አባቴ እባብ ከጉድጓድ እያወጣ ነው ያሳደገኝ። ማን ጠየቀኝ? የጠዋቱ ተረኛ አይጥ ያቀርባል። እምቢ ሲለው የከሰዓቱ ተረኛ፣ «እስቲ ለእኔ ይበላልኝ እንደሆነ» ብሎ ደግሞ ያቀርባል። ጎብኚ በመጣ ቁጥር ይወጣል፣ ይዳሰሳል። እናንተን በቀን ስድስት ሰው ቢያገላብጣችሁ ጉሮሯችሁ ይከፈታል?

የሒሳብ ክፍሏ ካልያኒ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ወተትና እንቁላል ታስቀምጥለት ነበር።

«ካልያኒ፣ እባብ ወተት አይጠጣም» አልኳት።

«እትዬ ካኒያማ፣ የአማልክት እባብ ይጠጣል።»

«ይሄ የአማልክት አይደለም፤ የቼናይ ነው።»

ተቀየመችኝ። ወተቱ ሳጥኑ ውስጥ ኮመጠጠ። ያጸዳሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ግን አይጡን ከጠዋቱ ተረኛ ከፔሪያሳሚ እጅ ተቀበልኩና አሸተትኩት። ካፉርና ሰንደል ይሸታል።

«ፔሪያሳሚ፣ አይጡን ቤተ መቅደስ ወስደኸው ነበር እንዴ?»

«እኔ ነኝ የሄድኩት፣ እትዬ። ሳልጸልይ ሥራ አልጀምርም።»

«እጅህንስ ትታጠባለህ?»

«በረከት ይታጠባል እንዴ?»

እባብ የሚያሸተው በምላሱ ነው። ሰባት ወር ሙሉ አይጥ ያቀረብን መስሎን ዕጣን ስናቀርብለት ኖረናል። ይህንኑ ለዶክተር ኢላንጎ ነገርኳቸው። «እትዬ ካኒያማ፣ ሳይንስ በአፍንጫ አይሠራም» አሉኝ። እናንተም ሳቃችሁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ሳጥኑን ያጠበ ሰው ግን አላየሁም።

ስለዚህ ብቻዬን ሠራሁት። ሳጥኑን አጥቤ በጆንያ ሸፈንኩት። ቁልፉን ወገቤ ላይ አስሬ ዐሥር ቀን ማንንም አላስጠጋሁም። በኩራት ነው ያላችሁኝም አላችሁ፤ ሰምቻለሁ። ከዚያ እጄን በአፈር አሽቼ፣ ከሩዝ ማሳ የወጣ አይጥ ከነጎጆው ገለባ አስገባሁለት። ከትናንት በስቲያ ቀትር ላይ ጆንያውን ገለጥ ሳደርግ አይጡ የለም። የላዱ ሆድ መሀሉ ላይ አብጧል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ወዲያው የምግብ ካርዱ ላይ «በላ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደል የተማርኩት እኮ እዚያ ካርድ ላይ ለመጻፍ ነው። ትናንት የፎቶውን ፕሮግራም ያወጣው ሰው ግን ካርዱን አላነበበም። በሩ ላይ ተሰቅሎ ማንም አላነበበውም።

ዘንዶ በልቶ ጥቂት ቀን ካልተተወ የበላውን ይተፋል። ይህን ሁሉ ወር ጾሞ ከተፋ ደግሞ የሚተርፍ አይመስለኝም። ዛሬ አንገቴ ላይ ብትሰቅሉት ለእኔ መታሰቢያ፣ ለእሱ መቃብር ነው።

ፎቶ አንሺው መጥቷል። ሩዝ ስትበሉ ያንሳችሁ።

ጡረታዬ የሚጀምረው ዓርብ ነው፤ እስከዚያ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ዓርብ ቁልፉን ለፔሪያሳሚ እሰጣለሁ። ፔሪያሳሚ፣ ጸሎትህን አትተው። እጅህን ግን ታጠብ፤ አምላክህ አይቀየምህም።

በሉ፣ ልመርቃችሁ። የላመ የጣመ አይንሳችሁ። ስትታመሙ የሚጠይቃችሁ እንጂ የሚያገላብጣችሁ አይብዛ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። እውነት ስትናገሩም፣ እንደ እኔ የስንብታችሁን ቀን ሳትጠብቁ፣ የሚሰማችሁ ጆሮ ይስጣችሁ።