ኬብሉን የሰኩት ትልቅ ሰው

ግቢ አክስቴ፣ ግቢ። ደረጃው አደከመሽ አይደል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እዚህ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ፣ ሶፋው ተይዟል... አንድ ሰው ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሙዚቃ እየሰሙ ነው መሰለኝ። የማዳመጫው ሽቦ ምንም ላይ ሳይሰካ ወለሉ ላይ ቀረ እንጂ... ብቻ እንዳንረብሻቸው።

እኔማ ደስ ብሎኛል። ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን ስስቅ፣ ፋርማሲው ውስጥ የሳል ሽሮፕ ሊገዙ የመጡ ሽማግሌ ምክንያቱን ሳያውቁ አብረውኝ ሳቁ። ቅዳሜ ውድድር አለን፤ የጌም ውድድር። አዎ፣ ያ አንቺ ጆሮሽን ይዘሽ የምትሸሺው ተኩስ። አራት ሆነን ነው የምንጫወተው፣ ካፒቴናችን የጥርስ ሐኪም ናት። ለፍጻሜ ደርሰናል፣ እኔም አለሁበት። አለሁበት ስልሽ ግን እንዲሁ በቀላሉ እንዳይመስልሽ።

አንድ ትልቅ ሰው አሉ። የማን ወንድም እንደሆኑ አትጠይቂኝ። እንዴት ያሉ አዋቂ መሰሉሽ! ለውድድሩ የሚሆን ብርቱ ኮምፒውተር ልገዛ ስነሳ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ እኔ እመርጥልሻለሁ አሉ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? ሱቅ ስንደርስ ሻጩ ምን ዓይነት ጌም እንደምጫወት ሊጠይቀኝ ሲል እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ከዚያ ሳጥኖቹን እንደ ሐብሐብ በጣታቸው እያንኳኩ ዞሩ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ይሄ ስንት ዓይነት መብራት ያበራል?" መልክ ጥፉን በስም ይደግፉ ሲባል እሰማ ነበር፣ በመብራት እንደሚደገፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ደግነቱ በጣም የሚያበራው ሳጥን ውስጥ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ነበረበት፤ ምስሉን የሚስለው፣ የማሽኑ ጉልበት ሁሉ ያለበት ክፍል ማለት ነው። ሻጩ መጥቼ ልግጠምላችሁ ቢል፣ ቤት ውስጥ ባለሙያ አለ ብለው ሸኙት። እኔ ባለሙያው ማን ይሆን እያልኩ እስከ ቤት ድረስ ጓጓሁ።

ገጠሙት። ግድግዳው ጋ አስጠግተው ጀርባውን ማንም እንዳይነካ አዘዙ። የሳጥኑን መስታወት ላስቲክ እንኳ አቧራ እንዳይነካው ብለው ሳይልጡ ተዉት፤ መቼም ንብረት አያያዝ ከእሳቸው ነው። ቤቱ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ሆነ። የታችኛዋ ጎረቤት ሰርግ ደግሳችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ጌሙ ግን... ምን ልበልሽ... ይንቀረፈፋል። በር ስከፍት፣ በሩ የሚከፈተው እኔ ከሞትኩ በኋላ ነው። ብነግራቸው ማሽኑ አንበሳ ነው፣ እጅሽ ነው ዘገምተኛ አሉኝ። አመንኳቸው አክስቴ! ሰው የገዛ ታላቁን... ማለቴ ትልቅ ሰው ካላመነ ማንን ያምናል? ጣት ያፈጥናል ስላሉኝ ፋርማሲው ባንኮኒ ስር የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ስጨምቅ ዋልኩ። ስፖንጁ አለቀ፣ እኔ ያው ነኝ።

እሳቸው ደግሞ አዝነውልኝ ለካፒቴናችን ደወሉላት። ልጅቷ አልቻለችም፣ ቦታዋን እኔ ልሸፍን አሏት። ርኅራኄ ማለት ይሄ አይደል? ከቡድኑ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ከሥራ መልስ ምሳ ዕቃዬን እንኳ ሳላጥብ ተለማምጄ ያገኘሁት የቡድን ቦታ ነው። እሳቸው በር ላይ ቆመው "አይዞሽ፣ ተሰጥኦ ለሁሉም አይሰጥም" እያሉ አጽናኑኝ። ከራሳቸው ሕይወት ነው የተናገሩት፣ ከልብ ነበር።

ካፒቴኗ ግን አይታ ካልሆነ ጥርስ የምትነቅል ሴት አይደለችም። ትናንት ከሥራ ስትወጣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጣች። መጀመሪያ እሳቸውን ይጫወቱ ብላ ጋበዘቻቸው። ተቀመጡ፣ ጣታቸውን ቀጭ ቀጭ አደረጉ... ገና ከመግባታቸው ሞቱ። ወንበሩ ነው አሉ። ወንበር ተቀየረ፣ ሞቱ። የፀሐዩ ነጸብራቅ ነው አሉ። መጋረጃ ተዘጋ... አሁንም ነፍሳቸውን ይማር። እጅዎ ዘገምተኛ ነው ያላቸው ግን አልነበረም፤ ጨዋ ቤት ነው ያደግነው።

ያኔ ካፒቴኗ ሳጥኑን ላንቀሳቅሰው ብትል አይነካም አሉ። እሷም አልተከራከረችም። ከጋዋኗ ኪስ ያቺን ትንሽ የጥርስ ማያ መስታወት አውጥታ፣ በሳጥኑና በግድግዳው መካከል አስገብታ፣ በስልኳ እያበራች ልክ እንደ መንጋጋ ጥርስ መረመረችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "የስክሪኑ ኬብል ካርዱ ላይ አልተሰካም። ካርዱ ከተገዛ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል" አለች።

ገባሽ አይደል? ኬብሉ የሚገባበት ሁለት ቦታ አለ። ታች ያለው ጉልበተኛው ካርድ ላይ ነው፤ ላይ ያለው ለጽሕፈት ሥራ የሚበቃው ደካማው ነው። እሳቸው የላይኛውን መረጡ። ትልቅ ሰው ደግሞ መቼ ወደ ታች ያያል? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ ኬብል ይምከረው አለ የድሮ ሰው... አላለም እንዴ?

ኬብሉ ተነቅሎ ታች ካርዱ ላይ ሲሰካ እጄ ዳነ አክስቴ! ያለ መድኃኒት፣ ያለ ስፖንጅ! በሩን ስከፍተው ይከፈታል፣ ስተኩስ ይመታል። ጮቤ ረገጥኩ፣ ካፒቴኗን አቅፌ ተሽከረከርኩ፣ እሷም እዚያው ቆማ ቦታሽ ያንቺው ነው አለችኝ። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ሆን ብዬ ነው፣ በከባዱ ተለማምዳ እንድትበረታ ብዬ ነው። አየሽ ጥበብ? እኛ ተራ ሰዎች ስንሳሳት ለራሳችን ነው፣ እሳቸው ሲሳሳቱ እንኳ ለሰው አስበው ነው። አላዋቂ ሳሚ ምን ይለቀልቃል ነበር የሚባለው?... ተይው፣ ሰው ተኝቷል።

ጮክ ብዬ ነው እንዴ የማወራው? ግድ የለም፣ አይሰሙም። ጆሯቸው የቀላው ሙዚቃው ሞቆ ነው።

ቅዳሜ እሳቸውም አብረውን ይመጣሉ። ካፒቴኗ ራሷ ናት የመረጠቻቸው። የውድድሩ አዳራሽ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም፣ ያን ከባድ ሳጥን የሚያወጣልን ሰው ያስፈልገናል። በመጨረሻ ቡድኑ ውስጥ ገቡ፣ እኔም ከልቤ ደስ ብሎኛል። እስቲ መርቂልን... አይ፣ እኔው ልመርቃቸው። ፈጣሪ ትከሻቸውን ያጽናልን። ወገባቸውን ያበርታልን። እግራቸውን ከእንቅፋት ይጠብቅልን። ጭንቅላታቸውንም... እንዳለ ያቆይልን፣ አንድ ቀን ያስፈልጋቸው ይሆናል። አሜን በይ እንጂ አክስቴ።