ሰርገኛ ጤፍ ያስተማርኩት ማሽን

ስሙኝማ! ቢቸና የምሠራበት የጤፍ ማበጠሪያ ፋብሪካ ውስጥ ካሜራ ያለው ማሽን ተተከለ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነው፤ ጤፉን እያየ ቆሻሻውን በነፋስ ይተፋዋል። "ከሠራማ እናንተ አበጣሪዎቹ ትሰናበታላችሁ" ተባልን። በሙከራው ቀን ነጩን ጤፍ እንደ ወተት አወረደው። ሰፌዴን አቅፌ "በቃ፣ አበቃልን" አልኩ። ቀጥሎ ከሞጣ የመጡት ነጋዴ፣ ሐጂ፣ ሰርገኛ ጤፋቸውን አስገቡ። ማሽኑ ቀይ ቀዩን እየለቀመ ወደ ቆሻሻው ይረጨው ጀመር! ማሽኑን የተከለው ወጣት ኢንጂነር "ጤፍዎ ንጹሕ አይደለም" ቢላቸው ሐጂ ቱግ አሉ፤ "ሞጣ ሙሉ የሚበላው ጤፍ ነው ቆሻሻ?"

ሳቄ አመለጠኝ። ከቆሻሻው ዘገንኩና መዳፌን ዘረጋሁለት። "አንተ ልጅ፣ ሰርገኛ እኮ ቀዩና ነጩ ተቀላቅሎ ነው የሚዘራውም የሚበላውም! ይሄን ለማሽንህ አልነገርከውም?" ራሱን አከከ። "ነጭ ብቻ ነው ያሳየነው፣ እትዬ።" "እንግዲያስ ለኔ ተወው!" አልኩና ካሜራው ፊት ተቀምጬ፣ ይሄ ጤፍ፣ ይሄ ጠጠር፣ ይሄ የአረም ፍሬ እያልኩ ሳሳየው ዋልኩ። በማግስቱ ሰርገኛው ሁሉ አለፈ፤ እኔ ያላየሁትን ጠጠር ሳይቀር ለቀመው! ሐጂ "እሰይ!" ብለው አጨበጨቡ። ይኸው ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሴትዮ የማሽን መምህርት ሆንኩ፤ ጓደኞቼም አንዳቸውም አልተባረሩም፣ አብረውኝ ያስተምሩታል። ያልገባው ነገር ሲመጣ ቆም ይልና ፎቶውን በስክሪኑ ላይ አውጥቶ "ይሄ ጤፍ ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል። ባሌ በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም!