ተጎትታ የታከመች መኪና

ሙሉሰው፣ እንዴት አደርክ ወንድሜ? ሮብ ገበያ ዘነበ አሉ... ድንቹ አልረጠበባችሁም? እሰይ! ና ተቀመጥ፣ ሻይ ጠጣ። የሉማሜ ጠዋት መቼም ያለ ሻይ አይገፋም።

መኪናህ ማርሽ ስትቀይር ትንገጫገጫለች አሉኝ። ኦቶማቲኳ? አይዞህ፣ ለእሷ ሰው አለ! ቁልፉን ልትሰጠው እንደሆነም ሰማሁ፤ ደግ አስበሃል። ዞረህ አትየው፣ ከኋላችን ተቀምጧል። ባለሙያ ሲያዩት ያፍራል... አያፍርም እንዴ?

የእኔንስ የተመለከተልኝ እሱ አይደል? እንዳንተዋ ትንገጫገጭ ነበር እንጂ ትሄዳለች። ሌላ መካኒክ ቢሆን መጀመሪያ ዘይቷን ያይ ነበር፤ ጎድሎ እንደሁ፣ ተቃጥሎ እንደሁ... ተራ ሰው እንዲያ ነው። እሱ ምን ሊሆን ይጎነበሳል? ቆሞ ጆሮውን ሰጣትና “ፍሪሲዮኗ ነው” አለ። ኦቶማቲክ መኪና የፍሪሲዮን ፔዳል ኖሯት ያውቃል? እሱማ ፈልጎ ሲያጣው “ማን ነቀለው?” ብሎ ተቆጣልኝ! ለሰው ንብረት እንዲህ የሚቆረቆር ከየት ይገኛል?

አዛኝነቱ ደግሞ! “እስከ ደብረ ማርቆስ በሞተሯ አትድከም” ብሎ በሰንሰለት አስጎተታት። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ሳይፈታ፣ ጎማዋ እየዞረ፣ ሞተሯ ጠፍቶ... ሞተር ካልሠራ ማርሽ ለሚቀይረው ካምቢዮ ዘይቱን ማን ያዳርሳል? ካምቢዮዋ መንገድ ላይ እንደ ቆሎ ተቆላ። ጋራዥ ስትደርስ ሽታዋ ቀድሟት ገባ። እሱ ምን አለ መሰለህ? “አላልኩህም? እንኳን በጊዜ አመጣናት!” ነቢይ እኮ ነው።

ሙያ በልብ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ የሱማ ከልቡ ወጥቶ እጁ ጋ ደርሶ አያውቅም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እሱ ጋ በእግሩ የገባው ነው ቀስ በቀስ እንቁላል የሚሆነው። ልጆቼን የማበላው በዚያች መኪና ነበር፤ ዛሬ የጎረቤት ዶሮ ያድርባታል። አስማማው ተናዶ ነው እንዳትል... ተናድጃለሁ እንጂ! ለምን አልናደድ?

ስጠው ቁልፉን፣ ስጠው። ድንች ጭነህ የአባይን ቁልቁለት የምትወርደው አንተ ነህ፣ እኔ ምን ቸገረኝ?

እሱንም እግዜር ይባርከው። ዕድሜ ከጤና ይስጠው፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። ሲዳሩም... ሙሽሮቹን ይዛ አባይን የምትወርደውን መኪና፣ ለሌላ መካኒክ ሳያስነካ፣ በገዛ እጁ ጠግኖ ለመሸኘት ያብቃው።