መቶ ሠላሳ ግራም

(በኖርዌይ ተራሮች መካከል ባለች አንዲት መንደር፣ «የጨው ጉዞ» የሚባለው የአምሳ አራት ኪሎ ሜትር የስኪ ውድድር መድረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የስልሳ ስድስት ዓመቱ ዘርጋው ገና ከበረዶው መግባቱ ነው፤ ትርንጎ የተወዳዳሪዎች ቦርሳ ከሚመዘንበት ጠረጴዛ ኋላ ቆማለች።)

ዘርጋው፦ መልሰሽ አስቀምጪው።

ትርንጎ፦ ሦስቴ አስቀመጥኩት እኮ፣ ጋሽ ዘርጋው። ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ ሰባ። ሚዛኑ ሐሳቡን አልቀየረም።

ዘርጋው፦ ከረጢቷን አውጥተሽ ነዋ! ከነከረጢቷ አስቀምጪው።

ትርንጎ፦ ከነከረጢቷ አራት ኪሎ ከመቶ ይመጣል።

ዘርጋው፦ በቃ፤ የተባለው አራት ኪሎ ነው። ጻፊና ልሂድ፣ ላቤ ሳይደርቅብኝ።

ትርንጎ፦ ከረጢቷ ውስጥ ያለው በሶ ነው።

ዘርጋው፦ እና?

ትርንጎ፦ እናማ ምግብ ከሚዛን ይወጣል። የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት በረዶ ለዘጋው መንደር ጨው ተሸክመው የመጡት ሁለት ወንድማማቾች ጨዉን መንገድ ላይ እየላሱ አልጨረሱትም። አራቱ ኪሎ የእነሱ መታሰቢያ ነው። ይሄን እኮ ለአዲስ ሰው ሁሉ እዚህ ቆመው የሚተርኩት እርስዎ ነዎት።

ዘርጋው፦ የጨው ጉዞን ታሪክ ለእኔ ታስተምሪኛለሽ? አንቺ? ስኪ ስትከራዪ «የቀኝ እግሩ የቱ ነው» ብለሽ የጠየቅሽ ሴት?

ትርንጎ፦ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነው። ያኔም አልመለሱልኝም፤ ሳቁ።

ዘርጋው፦ አሁንም አላቆምኩም። ሚዛን ላይ ያስቀመጡሽ ለምን ይመስልሻል? ቁልቁለት ላይ ሊያስቀምጡሽ ፈርተው ነው።

ትርንጎ፦ ሊሆን ይችላል። መቶ ሠላሳ ግራም ግን ጎድሏል። ሃያ አራት ጊዜ በልኩ ያስገባ ሰው ምን አግኝቶት ነው?

ዘርጋው፦ ጓንት ነው።

ትርንጎ፦ ምን ጓንት?

ዘርጋው፦ ትርፍ ጓንቴ። ተራራው አናት ላይ ላጠልቀው ሳወጣ አንዱን ንፋስ ከእጄ መንጭቆ ወሰደው። ይኸው፣ አንዱ ይኸው።

ትርንጎ፦ የስኪ ክለቡ ግድግዳ ላይ ከፎቶዎ ሥር «የአፍሪካው ነፋስ» ተብሎ ተጽፏል። ለካ ነፋስም ይዘረፋል።

ዘርጋው፦ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ። እጄ ደንዝዞ ነበር።

ትርንጎ፦ አምና አንድ ጀርመናዊ ካልሲው መንገድ ላይ ወድቆበት ሲለምነን እርስዎ ከአጠገቤ ነበሩ። ምን አሉት? «ቦርሳውን መዝጋት ያልቻለ ሰው ቤቱ ይቀመጥ።» ሰውዬው አለቀሰ።

ዘርጋው፦ ጀርመናዊው ሞኝ ነበር።

ትርንጎ፦ እርስዎስ?

ዘርጋው፦ እኔ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ጉልበቴን ሐኪሙ ከእንግዲህ በቃህ ብሎታል። ዛሬ ሃያ አምስተኛዬ ነው። ሃያ አምስት ጊዜ የጨረሰ ሰው ስሙ እዚያ በር ላይ ይቀረጻል፤ ጠራቢው መሮውን ይዞ ውጭ ቆሟል። ያልገባሽ ካለ ቀስ ብዬ ልድገምልሽ።

ትርንጎ፦ ገብቶኛል። ውጤቱ አሥር ሰዓት ላይ ይለጠፋል፤ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ከእርስዎ በኋላ የገባው በረዶ የሚጠርገው ማሽን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወረፋ ይዞ የሚጠብቀን ሰው የለም።

ዘርጋው፦ በሶ ምግብ አይደለም።

ትርንጎ፦ አልሰማሁም?

ዘርጋው፦ ውሃ ካልነካው ምግብ አይደለም። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው፤ ዱቄት። ሰዎቹ ጨው ተሸከሙ፣ እኔ ዱቄት ተሸከምኩ። ለመሆኑ በሶ በደረቁ የሚበላ ማን ነው? ሊታነቅ ካልሆነ!

ትርንጎ፦ ይሄን ንግግር አውቀዋለሁ።

ዘርጋው፦ ከየት?

ትርንጎ፦ ከራሴ አፍ። የዛሬ ስምንት ዓመት እዚሁ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። እርስዎ ጉልበትዎ አብጦ አልተወዳደሩም፤ አሁን እኔ ያለሁበት ቦታ ቆመው ይመዝኑ ነበር። እኔ እርስዎ ያሉበት፤ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ፣ መቆም አቅቶኝ ጠረጴዛውን ይዤ። ዳኛው ከረጢቴን ፈታ፣ አሸተተ፣ «ሲሚንቶ ነው?» አለ። ቀጥሎ ወደ እርስዎ ዞረ። በዚህ ሁሉ ተራራ ላይ በሶ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረማ።

ዘርጋው፦ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት።

ትርንጎ፦ «ምግብ ነው» አሉት። አልበቃዎትም፤ «የእኛ አገር ወታደር በበሶ ብቻ ሳምንት ይከርማል» ብለው ጨመሩበት። ሰማንያ ግራም ጎደለብኝ፤ ተሰረዝኩ።

ዘርጋው፦ የተናገርኩት እውነት ነው።

ትርንጎ፦ እሰየው። ዛሬም እውነት ነዋ! ደንቡን ያንብቡት፤ ቸኮላት፣ ዘቢብ፣ የደረቀ ሥጋ፣ በሶ። የእነሱ ደንብ ውስጥ በሶ ተሰንቅሮ! ያስገቡት እርስዎ ነዎት። በየዓመቱ ቱሪስቱ ሁሉ በሶ ምንድን ነው እያለ ይጠይቀኛል፤ ሳስረዳ እውላለሁ።

ዘርጋው፦ ሰማንያ ግራም ነው ስምንት ዓመት ሙሉ የሚያንገበግብሽ? ብትመዘገቢስ ምን ልትሆኚ ነበር?

ትርንጎ፦ የጨረሰች ሴት። ኦስሎ በየእንቁጣጣሹ እየዞሩ «ትርንጎ ሞክራ ነበር፤ በሽተኛ በሚጫንበት የበረዶ ጋሪ ተጎትታ ወረደች» ሲሉ የሚሰማዎት ሰው ባልኖረ።

ዘርጋው፦ ቀልድ ነው። ሰው ይስቃል፤ በዓል አይደለም እንዴ?

ትርንጎ፦ በእግሬ ነው የገባሁት።

ዘርጋው፦ ያ መግባት ነው? እንደተባረረች ዶሮ ስትንፈራገጪ በዓይኔ አይቼሻለሁ እኮ! ስልት የለሽ፣ ለዛ የለሽ፤ ዱላውን በረዶው ውስጥ እንደ ችካል እየተከልሽ፣ በጉልበት ብቻ። በዚህ አካሄድ በአራት ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ ቢገቡበትስ ምን ክብር አለው!

ትርንጎ፦ ምን አሉ?

ዘርጋው፦ ክብር የለውም አልኩ።

ትርንጎ፦ ክብሩን ይተዉት። ሰዓቱን ነው የምጠይቅዎት።

ዘርጋው፦ የምን ሰዓት?

ትርንጎ፦ የተሰረዘ ሰው ሰዓት አይለጠፍም፤ ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው። እኔ ራሴ አላውቀውም። መስመሩ ላይ በግንባሬ ወድቄ ሰሌዳውን አላየሁትም፤ ሰው ሲጠይቀኝ «ከአምስት ሰዓት በታች ሳይሆን አይቀርም» እላለሁ። አራት ሰዓት ከሃያ ስድስት! እርስዎ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ በቃልዎ ይዘውታል።

ዘርጋው፦ ሰሌዳው ፊት ለፊቴ ነበር። ዓይን አለኝ።

ትርንጎ፦ የእርስዎ ምርጥ ሰዓት ስንት ነበር?

ዘርጋው፦ አይመለከትሽም።

ትርንጎ፦ እሱም ከፎቶዎ ሥር አለ። አራት ሰዓት ከአርባ አንድ። ጋሽ ዘርጋው፣ ዳኛው «ምግብ ነው ወይ» ሲልዎት ሰሌዳውን አይተውት ነበር?

ዘርጋው፦ ፖሊስ ሆነሻል እንዴ? ምንድን ነው የምትፈልጊው? እንድለምንሽ ነው? አንቺን አልለምንም።

ትርንጎ፦ ልመናዎ ምን ያደርግልኛል? እርስዎ ስኪዎን ሲፈቱ ቦርሳውን መዝኜ ዳኛውን ጠይቄው ነበር። መላ አለው አለኝ።

ዘርጋው፦ ምን መላ?

ትርንጎ፦ በሶን ደንቡ ውስጥ ያስገባው የእርስዎ ምስክርነት ነው። ምስክርነትዎን ካነሱ ይወጣል። ቅጹ ይኸው፣ የያኔውን የእኔን ክርክር ይዞ ራሱ ዳኛው ሞልቶታል፤ «በሶ ውሃ እስኪነካው ድረስ ምግብ አይደለም፤ ያን ጊዜም አልነበረም።» አሁን ካሉት አንድ ቃል አይለይም። ይፈርሙ፣ አራት ኪሎ ከመቶ ብዬ እጽፋለሁ፣ ጠራቢውም መሮውን ያነሳል።

ዘርጋው፦ ይሄን ለመናገር ነው ሩብ ሰዓት የለፈለፍሽው? አምጪ እስክሪብቶውን። ... ቆይ። «ያን ጊዜም አልነበረም» እዚህ ምን ይሠራል?

ትርንጎ፦ ያን ጊዜ ምግብ ካልነበረ የእኔም ቦርሳ ሙሉ ነበር። ስሜ ይመለሳል፤ ሰዓቴም።

ዘርጋው፦ አውጪውና ልፈርም።

ትርንጎ፦ እኔም እንደዚያ ይላሉ ብዬ ጠይቄው ነበር። ለእሱ ዱቄት ለአንቺ ምግብ ሊሆን አይችልም አለ።

ዘርጋው፦ ግድግዳው ላይ ታዲያ...

ትርንጎ፦ ከፎቶዎ ከፍ ብሎ። የጨራሾቹ ዝርዝር በሰዓት ነው የሚሄደው። በሩ ላይ ግን ብቻዎን ነዎት። ወረቀት ይቀደዳል፣ በሩ ይኖራል። ምን ይጎድልብዎታል?

ዘርጋው፦ ምን ይጎድልብሃል ትላለች! ሐበሻ በረዶ ላይ መሄድ ይችላል ብዬ ለዚህ አገር ሰው ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሲወድቅ እንይ ብለው በየበሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ ያሳለፍኩት ሃያ አምስት ክረምት ነው! አንቺ አንድ ቀን በውሰት ስኪ፣ የሰው ጫማ አጥልቀሽ መጥተሽ...

ትርንጎ፦ ሁለት ቁጥር ይሰፋኝ ነበር። ካልሲ ጠቀጠቅሁበት።

ዘርጋው፦ ንፋስ ከኋላ ገፍቶሽ!

ትርንጎ፦ ያን ቀን ንፋሱ ከፊት ነበር። እርስዎም ያውቁታል፤ ሲገባ የነበረውን ሰው ሁሉ ፊት እዚሁ ቆመው አይተዋል።

ዘርጋው፦ ዶሮ! ከእኔ ፎቶ በላይ ዶሮ!

ትርንጎ፦ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ጠራቢው በመስኮት እያየን ነው፤ የስምዎን አጻጻፍ ሊጠይቅዎት ወረቀት ይዟል። ይፈርሙና ይውጡለት፤ ሰውዬው በብርድ ደረቀ።

ዘርጋው፦ ያ በእጅሽ የያዝሽው ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ እስክሪብቶ።

ዘርጋው፦ በሌላው።

ትርንጎ፦ ውሃ። የምጠጣው ውሃ።

ዘርጋው፦ አቀብይኝ። ኩባያም ካለሽ።

ትርንጎ፦ ጠምቶዎት ነው? መጀመሪያ ይፈርሙ፣ ከዚያ ሙሉውን... ጋሽ ዘርጋው፣ ከረጢቷን ለምን ይፈታሉ? ምን እያደረጉ ነው? ከቀመሱት ምግብ ሆነ፣ አለቀ እኮ! ሃያ አራት ላይ ነው የሚቀሩት፤ በዚያ ጉልበትዎ ደግሞ የሚመለሱበት ዓመት የለም። የእኔን ሰዓት ማን ያነበዋል ብለው ነው? ይፈርሙ እንጂ!

ዘርጋው፦ ውሃውን አቀብይኝ አልኩሽ። በሶ በደረቁ አይበላም።