ኤልያስ ያመስግነኝ ወይስ ይንቀፈኝ?

ክቡር የአውራጃ ገዥያችን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ለዚህ ሁሉ ድግስ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጡረታ ስትወጣ በሬ ይታረድልሃል ብትሉኝ ኖሮ ቀደም ብዬ በወጣሁ ነበር።

ዛሬ የመረዳጃ ማኅበራችንን ሊቀ መንበርነትም አስረክባለሁ። ከምሳ በኋላ ምርጫ አለ። ያ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ኤልያስ አንዱ ዕጩ ነው። ምን አስጨነቀው? እኔ ነኛ!

ባለፈው ሰሞን ቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ ሽብሩ፣ ስቀሰቅስ ላመስግንዎት ወይስ ልንቀፍዎት?» አለኝ።

«እንዳዋጣህ» አልኩት። ምን ልበለው?

ጣጣው የድንኳኑ ነው። ማኅበሩ የለቅሶ ድንኳን ሲያሰፋ፣ ልብስ ሰፊውን ረሻድን «አገር የሚይዝ ይሁን» አልኩት። ረሻድ ቃሌን አከበረ። በሆሳዕና ከተማ አንድም ግቢ አልበቃው አለ! የወይዘሮ እታለም ባለቤት ሲያርፍ መንገዱ ላይ ተከልነው። የሾኔ አውቶቡስ መጣ፤ ማለፊያ የለም። ተሳፋሪው ወረደ፣ ገባ፣ አለቀሰ፣ ንፍሮውን በላ። ሾፌሩማ ከዘመድ ብሶ ነበር።

ኤልያስ መጀመሪያ ሾኔ ላሉት አባሎቻችን፣ «ጋሼ ሽብሩ ከሠሩት የበለጠ እሠራለሁ!» አላቸው።

«ከዚያ የበለጠ ድንኳን? እዚህ ድረስ ሊደርስ ነው እንዴ!» ብለው ተንጫጩበት።

ደንግጦ ሀደሮ ከተማ ላሉት አባሎቻችን ንግግሩን ገለበጠው። «ሽማግሌው መንገድ ዘጉብን» አለ። አሁን እዚያ የምትሠራው እታለም ብድግ አለች።

«ባሌ ሲሞት ሆሳዕና ዘመድ አልነበረኝም። በዚያ ድንኳን አውቶቡስ ሙሉ ሰው አለቀሰልኝ። አንተስ ምሰሶ ይዘህ ስታለቅስ አልነበረም?»

እኔም ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ልጄ ኤልያስ፣ ስለ እኔ ማን ጠየቀህ? ሰው የሚጠይቅህ ድንኳኑን ምን ታደርገዋለህ ብሎ ነው። በል ተነሥ፣ እዚሁ ፊቴ ተናገር። እኔን አትይ።

ምን አልክ? ጮክ በል! ለሁለት ቆርጠህ አንዱን ለሆሳዕና፣ አንዱን ለሾኔ?

ወይ ጉድ! በስንብቴ ቀን! ቆይ፣ አታጨብጭቡ፣ ልቤ ይረጋ። እታለም፣ አንቺ ምን ትያለሽ? እሺ ነው? በቃ፣ እሺ ካለች እሺ ነው። ደስ አላለኝም፤ ግን ልክ ነህ። ለእኔ ብለህ ዝም ብትል ኖሮ ድምፄን አታገኝም ነበር።

እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ሁለቱም ድንኳኖች ለሠርግ ብቻ ይተከሉ። ኤልያስ፣ ከረሻድ መቀስ ተቀበልና ና፤ መጀመሪያ የምቆርጠው እኔ ነኝ።