የወፍ እግር ጥለት

ከዘመሮ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ አንዲት የንግድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ ሸማኔ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባናቸውን፣ ገልጣ አየች።

«አባባ፣ ይሄ ባናማ ራሰ በራ ነው። ጥለቱስ?»

«ለልጄ ሠርግ ነው የሸመንኩት። የአባቴን የወፍ እግር ጥለት ግን ለከተማ ነጋዴ ሸጬ ፈርሜያለሁ።»

«የንድፉ መብት አንድ ቀን ጊዜው ያበቃል።»

«ያኔ የልጅ ልጆቼ ይሸምኑታላ!»

«መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ ነጋዴው የንግድ ምልክቱም አድርጎ አስመዝግቦታል እኮ። ምልክት ደግሞ እየታደሰ ይኖራል።»

«እንግዲያ ወደ ቤቱ አይመለስማ።»

«ለሠርግ ስጦታማ ማን ይከስዎታል? ብቻ አይሽጡት።»

«ይህን ዛሬ ነገርሽኝ፤ እኔ ግን በፍርሃት ከተውኩት ቆይቷል። ትናንት ለልጄ ብዬ በድብቅ ብሞክረው፣ የወፏ ጣቶች የት ላይ እንደሚለያዩ ጠፋኝ።»

እኔም ትንፋሽ ባደበዘዘው መስታወት ላይ የወፍ እግር ሣልኩና ወዲያው በእጅጌዬ አጠፋሁት።